ሁለት ወንበር ከነጠረጴዛው

ያፌት ከበሮውን የሰማው ባጃጅ ውስጥ ነው።

ግንቦት 2088 ዓ.ም.፣ አርብ ረፋድ። ድሬዳዋ ገና በሦስት ሰዓት እንደ ድስት ትንተከተካለች። ሹፌር የሌላት ባጃጅ ከሳቢያን ወደ ከዚራ ስታመጣው፣ የተሳፋሪን ዝምታ መሙላት ሥራዋ ነውና፣ ማንም ሳያዛት ሙዚቃ ከፈተችለት። የመጀመሪያዎቹ ድምፆች የራሱ ሳክስፎን ነበሩ። ሰው የገዛ ሳሉን እንደሚያውቀው ወዲያው አወቀው። ቀጥሎ የኤልዳና ፒያኖ ገባ፤ በግራ እጇ ሁለት ወፍራም ድምፅ፣ ዱም፣ ዱም። ከዚያ ዝምታው መጣ። አንድ ወር ሙሉ የተጨቃጨቁበት፣ እሷ አራት ሰከንድ ይሁን ስትል እሱ ሦስት ይበቃል ያለበት፣ በመጨረሻም እንደ ሁልጊዜው እሷ ያሸነፈችበት ዝምታ።

ዝምታው ውስጥ ከበሮ ገባ።

ከበሮ ብቻ ቢሆን ደግ። ከከበሮው ኋላ ቤዝ ጊታር እየተንገዳገደ መጣ፤ ከቤዙ ኋላ ቫዮሊኖች፤ ከቫዮሊኖቹ ኋላ አርባ የሚሆኑ ሴቶች «እሰይ! እሰይ!» እያሉ። የሚወልድ ሰው አጠገባቸው ያለ ይመስል ነበር።

«አቁሚ!» አለ ያፌት።

«ክቡርነትዎ፣ ሙዚቃውን ነው ጉዞውን?»

«ሁሉንም!»

ባጃጇ ሁሉንም አቆመች። ሙዚቃውን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ጎማዋን፤ ያውም መሐል አስፋልት ላይ። በሩን ከፈተችና «ስለ አብሮነትዎ እናመሰግናለን» አለችው። የስልሳ ሰባት ዓመቱ ሰውዬ የሳክስፎን ሳጥኑን አንጠልጥሎ ፀሐይ ላይ ወረደ። ባጃጇ ስትርቅ የአልበሙ ስም በኋላ መስታወቷ ላይ በአረንጓዴ ፊደል እየተንሸራተተ ሄደ፦ «ሁለት ወንበር ከነጠረጴዛው»።

እነሱ ያወጡለት ስም «ሁለት ወንበር» ነበር።

ያፌትና ኤልዳና አርባ ዓመት አብረው ተጫውተዋል። ሠርግ ላይ፣ ሆቴል ውስጥ፣ ምርቃትና ሪባን ቆረጣ ላይ፤ ሁልጊዜ ከአንድ ዘፋኝ ጀርባ፣ ሁልጊዜ ከአንድ ባለሥልጣን ንግግር በፊት። ሁለቱ ብቻቸውን ግን አንድም ሥራ ቀርጸው አያውቁም። «ይደርሳል» ይባባሉ ነበር። ዘንድሮ የኤልዳና ግራ እጅ ጣቶች እየደረቁ መጡ። ሐኪሙ መገጣጠሚያዎቹን በብረት ሊያስራቸው ለፊታችን ሰኞ ቀጠራት። «ሕመሙ ይተዋታል» አለ። ያፌት «ፒያኖውስ?» ሲለው «እሱም ይተዋታል» አለ፤ ክፉ ሰው ሆኖ ሳይሆን አረፍተ ነገሩ እንደዚያ ሲያልቅ ስለሚያምር።

ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት በሚያዝያ፣ ድሮ የባቡር ሠራተኞች የሚዝናኑበት አሮጌ አዳራሽ ገብተው በሦስት ቀን ሰባት ዜማ ቀረጹ። ሳክስፎንና ፒያኖ። ሌላ ምንም። ሳቋንና የወንበሯን ጭርጭርታ ሳይቀር ትተውት ወጡ። ኤልዳና የቀረጻውን የመጨረሻ ድምፅ ሰምታ ስታበቃ «አሁን እጄን የፈለጉትን ያድርጉት» አለች። ያፌት ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አልተመኘም፤ ያቺ አርባ አንድ ደቂቃ እንዳለች ትቆይለት።

ነገር ግን አገሩ የተጀመረን ነገር ሳያስጨርስ የሚለቅ አገር አልነበረም። የክፍተት ሙሊት ጽሕፈት ቤት፣ ሕዝቡ በአጭሩ «ሙሊት» የሚለው፣ ከተቋቋመ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ በከተማው የሻይ ብርጭቆ ቂጥ ያየ ሰው የለም፤ ግማሽ ሲደርስ ይሞላል። ደብዳቤ ጀምሮ የተወ ሰው ደብዳቤው አልቆ፣ ተፈርሞ፣ ተልኮ ያገኘዋል። ለቅሶ ቤት እንባ ያጠረው ቢኖር ከጣሪያው ሲቃ ይጨመርለታል። «ዛሬ ደግሞ...» ብሎ የጀመረ ሰው አንገትጌው ላይ የተሰፋችው ቁልፍ «...ሙቀቱ አይቻልም» ብላ ትጨርስለታለች። እሱ ሊል የነበረው «ዛሬ ደግሞ ሚስቴ ጥላኝ ሄደች» ሊሆን ይችላል። ሙቀቱ ግን እውነት ነው፤ ስለዚህ ማንም አይከራከርም።

ያፌት በከዚራ ዛፎች ጥላ ስር ወደ ኤልዳና ቤት እየፈጠነ ሳለ ጎረቤቱ አቶ ናሆም ፊት ለፊት መጣበት። ሁለቱ ሽማግሌዎች ቆሙ። የያፌት ቁልፍ «እንዴት አደርክ? ደህና ነህ? ልጆች ደህና ናቸው?» ስትል የናሆም ቁልፍ «ተመስገን፣ አንተስ፣ ሁሉ ሰላም፣ ቤተሰብ እንዴት ነው?» አለች፤ ደግሞ ይቺ መለሰች፤ ደግሞ ያቺ። ባለቤቶቹ ሰላምታው እስኪያልቅ የጫማቸውን ጫፍ ያያሉ። ያፌት ግን ዛሬ ጥርሱን ነክሶ ስለነበር ናሆም ቀና ብሎ አየው። በገዛ አፉ «ምነው?» ሊለው ከንፈሩን ከፈተ። ቁልፉ «...በል ደህና ዋል» ብላ ጨረሰችለት። ናሆም ከንፈሩን ገጠመና ሄደ።

ኤልዳና በሩን ስትከፍት እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ነበር።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«እኔ ከፍሪጅ ነው የሰማሁት። ቲማቲም ላወጣ ብከፍተው አርባ ሴት ‹እሰይ› አለችኝ። በድንጋጤ ቲማቲሙን ረገጥኩት።» እውነትም የቤቱ ወለል ቀልቷል። «ያፌት፣ ማነው የፈቀደው? እኔ ምንም አልፈቀድኩም። የፈረምኩት የለም። አንተስ?»

«እኔ? እኔማ ጭራሽ!»

«ጠይቃት እስቲ ይቺን ምላሳም።» በቀኝ እጇ አንገትጌውን ጠቆመች።

ያፌት ጠየቀ። ቁልፏ እንደ ጥሩ አስተናጋጅ ጉሮሮዋን ጠርጋ መለሰች። «በቀረጻው ዘጠና ሦስት ክፍተቶች ተገኝተዋል። ለእያንዳንዱ ክፍተት ‹ይሞላ?› ተብሎ ተጠይቋል። አቶ ያፌት ዘጠና ሦስት ጊዜ ተስማምተዋል።»

«ማን ጠየቀኝ? መቼ?»

«ቀረጻውን እንዳንረብሽ ጥያቄው በዝምታ ቀርቧል፣ ክቡርነትዎ።»

«እና ምን ብዬ መለስኩ?»

ቁልፏ መልሱን አሰማችው። «ህእ።» ደግሞ ሌላውን። «ህእ።» ደግሞ ሌላውን።

ያፌት አወቀው። የራሱ ትንፋሽ ነው። አንድ የዜማ ሐረግ ጨርሶ ሌላ ሊጀምር ሲል፣ ዝምታው መሐል፣ ማንኛውም ሳክስፎን የሚነፋ ሰው ሳንባውን የሚሞላበት ያቺ አጭር የአየር ጉርሻ። እና እኛ አገር ሰው «አዎ» ማለት ሲሰለቸው፣ ወይም በጣም ሲስማማ፣ ምን ያደርጋል? አየር ወደ ውስጥ ስቦ «ህእ» ይላል።

ይህቺ «ህእ» የራሷ ታሪክ አላት። ከባሕር ማዶ የመጡት የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች አያውቋትም ነበር፤ ሰው ታንቆ የሞተ ይመስላቸው ነበር። በ2050ዎቹ ስንት የሴት ልጅ አባት ለሽማግሌዎች «ህእ፣ ሰጥቻችኋለሁ» ባለ በአራት ደቂቃ አምቡላንስ እየመጣ ወስዶታል። ሕዝቡ ተቆጣ። «ትንፋሻችን ቃላችን ነው» የሚል ሰልፍ ተወጣ። መሣሪያዎቹ ተማሩ፤ ትንፋሽ በአዋጅ እንደ ፊርማ ተቆጠረ፤ ስታዲየም ውስጥ በዓል ተደረገ። በዓሉ ላይ ደግሞ...

«በዓሉ ላይ ሳክስፎን የነፋው ማን ነበር?» አለች ኤልዳና። «አንተ ነህ ወይስ ሌላ ያፌት አለ?»

ያፌት አንገቱን ደፋና በልማድ አየር ሳበ። «ህእ።»

«ስምምነትዎ ተመዝግቧል» አለች ቁልፏ።

ኤልዳና ሁለት እርምጃ ተራምዳ ቁልፏን ከነክሯ በጠሰቻት። ፍሪጁን ከፈተች፣ ከቲማቲሞቹ መሐል ወረወረቻት፣ በሩን በእግሯ ዘጋችው። ከውስጥ የታፈነ ድምፅ ቀጠለ፦ «...ጎዶሎው ቅጂ ዛሬ በአሥራ አንድ ሰዓት ይወገዳል። ማስታወቂያው ከሰባት ቀን በፊት ደርሶዎ ‹ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ› ብለው መልሰዋል።»

«እኔ አላልኩም!» አለ ያፌት ለፍሪጁ።

«በእርስዎ ፈንታ እኔ ብያለሁ» አለ ፍሪጁ።

የሳክስፎን ሳጥኑን ይዘው ሙሊት ሲደርሱ ስምንት ሰዓት ሆኗል። መቃወሚያ ክፍሉ የመግቢያው አዳራሽ ጥግ ላይ ነው። አዳራሹ ውስጥ «የጎዶሎ ዘመን ቅርሶች» የሚል ኤግዚቢሽን በቀይ ገመድ ታጥሮ ቆሟል፦ አንድ ጆሮ ብቻ የተሳለለት የሰው ሥዕል፣ «ውዴ ሆይ፣ እኔ እኮ» ላይ የቆመ ደብዳቤ፣ ሁለት ጥርሱ የወለቀ አሮጌ ፒያኖ። ተማሪዎች እየመጡ ይስቁበታል ይባላል።

ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጠው ሠራተኛ ሙሉሰው ይባላል። ሃያ ስድስት ቢሆነው ነው። የዚህ ትውልድ ልጆች ስማቸው ሁሉ ሙሉሰው፣ ጎበዜ፣ ተዋበች ነው፤ ያፌትና ኤልዳና የሚባሉ የቀሩት አያቶች ብቻ ናቸው። ልጁ የድሬ ልጅ ስለሆነ ሽማግሌ ፊት አንቱታ አላባከነም።

«ምን ሆናችሁ? ቁጭ በሉ አቦ፣ ላብ ጨረሳችሁ።»

«ሙዚቃችንን ሰው ሞላብን» አለች ኤልዳና።

ሙሉሰው ፋይሉን አወጣና አነበበ። «ሳክስፎን፦ ተገኝቷል። ፒያኖ፦ ተገኝቷል። ከበሮ፦ አልመጣም። ቤዝ፦ አልመጣም። ዘፋኝ፦ ታሟል ተብሎ ተገምቷል።»

«ማንም አልታመመም! መጀመሪያም አልነበረም!» ያፌት መስኮቱን በቡጢ ሊለው ምንም አልቀረው።

«‹አልነበረም› የሚል ሳጥን የለም፣ ያፌቴ። ‹አልመጣም› እና ‹ታሟል› ብቻ ነው ያለው።»

«ሁለት ሰው ሲጫወት ምን ይጎድለዋል?» አለች ኤልዳና።

ሙሉሰው መመሪያውን ገለጠ። ቀልድ አልነበረም፤ ጣቱን መስመሩ ላይ አስኬዶ አነበበላት። «ሦስተኛ።»

ኤልዳና ዝም አለች። አርባ ዓመት የሚያውቃት ያፌት ይህን ዝምታዋን ይፈራዋል። ፒያኖ ላይ ሲሆን ያምራል፤ ሰው ላይ ሲሆን ግን ቀጥሎ የሚመጣው አይታወቅም።

«ስሚ» አለ ሙሉሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰውዬሽ ዘጠና ሦስት ጊዜ ‹ህእ› ብሏል። መንገዱ አንድ ነው። የመጀመሪያው ቀረጻ ይከፈታል፤ በየክፍተቱ ‹ይሞላ?› ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ፤ አሁን በድምፅ ነው፤ ዘጠና ሦስቱንም ‹አይሞላም› ካላችሁ ጎዶሎው ይቀመጣል። አንዷ ካመለጠቻችሁ ግን አለቀ። እስካሁን የተሳካለት አላየሁም። ሰው መሐል ላይ ይደክመዋል፣ ይተነፍሳል።»

ክፍሉ ጠባብ ነው። ቀረጻው ተከፈተ። ከበሮ የሌለበት፣ ሴቶቹ የሌሉበት፣ የወንበሯ ጭርጭርታ ያለበት። ኤልዳና ዓይኗን ጨፈነች። የመጀመሪያው ዝምታ መጣ፤ ከጣሪያው እንደ ማር የሚጣፍጥ ድምፅ ወረደ። «ይሞላ?»

«አይሞላም!» አለ ያፌት።

ወዲያው ከድምፅ ማጉያው፣ ከቀረጻው ውስጥ፣ የሚያዝያው ያፌት ሳንባውን ሞላ። «ህእ።»

«አቶ ያፌት ‹አይሞላም› ካሉ በኋላ ሐሳባቸውን ቀይረው ተስማምተዋል» አለ ድምፁ። «ስለ ቀና ትብብርዎ እናመሰግናለን።»

ያፌት ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። ስድብ ያውቃል፤ ሙዚቀኛ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ከሰካራም ጋር የኖረ ሰው ነው። ጣሪያውን፣ ጣሪያውን የሠራውን፣ የሠራውን ሰው ያሳደገውን ሁሉ አንድ በአንድ አዳረሰ። ጣሪያው ስድቡ መሐል የቀሩትን ቃላት እየሞላ፣ ክብ አድርጎ፣ አሳምሮ ረዳው። ይህ ነው የበለጠ ያበገነው።

ሙሉሰው በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። ፊቱ ቀልቷል፤ በስድቡ ይሁን በሥራው አይታወቅም። መመሪያውን ሌላ ገጽ ገልጦ መጣ።

«ይሄ አልተቆጠረም። የቀረጻ ድምፅ እንደ ቃል ሊያዝ አይገባም የሚል ነገር አለች፤ መዘዙ እኔ ላይ ይምጣ እንጂ እጽፋታለሁ። ግን ቀረጻውን ለሌላ ዙር መክፈት አይፈቀድም። የቀረው...» አነበበ። «‹ወይም ሥራው በባለቤቶቹ በቀጥታ ሲቀርብ።› ማንም አድርጎት አያውቅም። አሁን ማን ነው አንድ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጁ የሚጫወት?»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም ዞረው ቀዩን ገመድ አዩ።

«ኤግዚቢሽን አይነካም ይላል» አለ ሙሉሰው። ትንሽ ቆመና ገመዱን ከመንጠቆው አወለቀው። «ንኪው አቦ።»

ኤልዳና ፒያኖውን ሞከረች። ሁለቱ የወለቁ ጥርሶች ላይኛው ጫፍ ላይ ናቸው፤ አይፈለጉም። ቅኝቱ እንደ ሰካራም ዘመም ብሏል። ችግሩ ፒያኖው አልነበረም።

«አንተ ትተነፍሳለህ» አለችው።

«እሞታለሁ እንዴ ታዲያ?»

«ዝምታው ላይ አትተንፍስ። ስትነፋ ተንፍስ።»

ይህ ለሳክስፎን ተጫዋች «ውሃ ውስጥ ተንፍስ፣ ከውሃ ስትወጣ አትተንፍስ» እንደማለት ነው። ያፌት ግን የምትለውን ያውቀዋል። ጎረምሳ ሳለ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ገለባ ነክሮ፣ አረፋውን ሳያቋርጥ በአፍንጫው አየር መሳብ፣ በጉንጩ ያጠራቀመውን መንፋት ተለማምዶ ነበር። ለአንድ ደቂቃ፣ ለሁለት ደቂቃ፣ ሴት ለማስደነቅ። አርባ አንድ ደቂቃ ሙሉ፣ ያውም በስልሳ ሰባት ዓመት፣ ሞክሮ አያውቅም።

«‹አይሞላም› የምለው እኔ ነኝ» አለች። «አንተ አፍህን ሳክስፎኑ ላይ ድፋና በአፍንጫህ ስረቅ። ዝምታው ሲመጣ ሬሳ ሁን። አንዲት ‹ህእ› ብሰማ፣ ያፌት፣ ከሙሊት በፊት እኔ እጨርስሃለሁ።»

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ጀመሩ።

የመጀመሪያው ዜማ ላይ ያፌት ጉንጩ እንደ እንቁራሪት ተነፋ። ዝምታው መጣ። ድምፁ ከጣሪያው «ይሞላ?» አለ። ኤልዳና «አይሞላም» አለች፤ እንደ ሰው፣ በትሕትና። ሁለተኛው ላይ ትሕትናው ቀነሰ። አሥረኛው ላይ ቁጣዋ ከዜማው ጋር መግጠም ጀመረ፤ «አይሞላም!» የምትለው ቀጥሎ ከሚመጣው ድምፅ ጋር እኩል፣ እንደ ግራ እጇ ወፍራም ድምፅ ሆነ። ዱም፣ ዱም፣ «ይሞላ?»፣ «አይሞላም!»፣ ዱም። ያፌት ይህን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን ሊስቅ ነበር። ሳቅ ትንፋሽ ነው። ዋጠው።

ሙሉሰው መስኮቱን ዘግቶ መጥቶ መሬት ላይ ቁጭ ብሏል፤ በወረቀት ላይ በእርሳስ መስመር እያሰመረ ይቆጥራል። ለተቃውሞ የመጡ አንዲት ሴትዮም ወረፋቸውን ትተው ቆመዋል። ድምፁ ጥያቄውን ማሳመር ጀመረ። «ትንሽ ቫዮሊን ብቻ ይሞላ?» «አይሞላም!» «ለስላሳ ከበሮ፣ ወ/ሮ ኤልዳና፣ ለጤናዎ?» «አይሞላም!» «የሟች ባለቤትዎን ድምፅ አግኝተናል፣ ቢያዜሙበት ይሞላ?»

ኤልዳና ይቺን ጊዜ አንድ ምት ዘገየች። ያፌት ዓይኖቿን አያቸው፤ እርጥብ አልነበሩም፤ ደም ለብሰው ነበር።

«እሱ» አለች እየተጫወተች፣ «ዘፍኖ አያውቅም! አይሞላም!»

አምስተኛው ዜማ ላይ የያፌት ጆሮ ይጮኽ ጀመር። ስድስተኛው ላይ አዳራሹ እንደ ጀልባ ተወዛወዘ። በአፍንጫው የሚገባው አየር አይበቃም፤ ዝምታ ሲመጣ ደረቱ ውስጥ ያለውን ይዞ እንደ ድንጋይ ይቆማል፤ ላቡ ከቅንድቡ ወደ ዓይኑ ይወርዳል፤ አይጠርገውም። በንዴቱ ነበር የቆመው። ንዴቱ ባይኖር ከግማሽ ሰዓት በፊት ወድቆ ነበር።

ሰባተኛው ዜማ። ሰማንያ ስድስት። ሰማንያ ሰባት። ሙሉሰው መስመሮቹን በአምስት በአምስት ያስራል። ሰማንያ ዘጠኝ። ዘጠናኛው ዝምታ ሲመጣ፣ ኤልዳና ግራ እጇን ከፒያኖው ላይ ስታነሣ፣ ጣቶቿ እንደታጠፉ ቀሩ።

ያፌት አያቸው። ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች ወደ መዳፏ ታጥፈው ቆልፈዋል። ፊቷ ነጣ። ሕመሙ ከክንዷ ወደ ደረቷ ሲወጣ አፏ ተከፈተ፤ ሰው በድንገት ሲያመው የሚያደርገውን ልታደርግ ነው። አየር ልትስብ ነው። ቀኝ እጇን አንሥታ የገዛ አፏን አፈነች።

«ይሞላ?» አለ ጣሪያው።

መልስ የለም። አፏ ታፍኗል፤ ከለቀቀችው የሚወጣው ቃል አይደለም።

«ወ/ሮ ኤልዳና፣ እጅዎ እንዳመመዎት እናያለን። የግራ እጅዎን ድርሻ ከዚህ በኋላ እኛ ብንይዘው፣ ይሞላ?»

ያፌት ደረቱ ውስጥ የቀረች አንዲት ጉርሻ አየር ነበረች፤ ቀጣዩን ሐረግ የሚጀምርባት። ሳክስፎኑን ከአፉ ነጠቀው።

«አይሞላም!»

አየሩ አለቀ። እስከ ጥጉ አለቀ። አሁን ሳንባው ባዶ ነው፤ አዳራሹ ጭር ብሏል፤ ሳክስፎኑን ወደ አፉ ቢመልሰውም የሚነፋው የለም። መሳብ አለበት። ከሳበ ደግሞ ጭር ባለው አዳራሽ ውስጥ፣ እዚያው ዘጠናኛው ጥያቄ ላይ፣ እንደ ሙሽራ አባት «ህእ» ሊል ነው። ጣሪያው በትዕግሥት ይጠብቃል። ሙሉሰው እርሳሱን ጥርሱ መሐል ነክሷል።

ኤልዳና አየችው። ጊዜም አልወሰደባት። ቀኝ እጇን ከአፏ አንሥታ ሁለቱንም ክንዶቿን፣ ደህናውንም የታመመውንም፣ ከክርን እስከ አንጓ ፒያኖው ላይ ጣለቻቸው። ሃያ ሠላሳ ጥርስ በአንድ ጊዜ ጮኸ። የአዳራሹ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ደግማ ጣለቻቸው።

«ተንፍስ!» ብላ ጮኸች ከጩኸቱ በላይ። «ተንፍስ፣ አንተ ከይሲ!»

ያፌት ተነፈሰ። አዳራሹን ሙሉ፣ ከዚራን ሙሉ አየር ሳበ፤ ጮክ ብሎ፣ ያለ ሐፍረት፣ ሲቃው ለራሱ ጆሮ እንኳ ሳይሰማ። ፒያኖው ሁሉንም ዋጠው።

«ክፍተት አልተገኘም» አለ ጣሪያው፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ማር ማር አላለም።

ሦስት ክፍተት የቀረውን ዜማ በቀኝ እጇ ብቻ ተጫወተች። የግራው ቦታ ባዶውን ሄደ። ያፌት ያንን ባዶ አልነካውም፤ ዙሪያውን እየዞረ ነፋ። ዘጠና አንድ። ዘጠና ሁለት። ዘጠና ሦስተኛው ላይ ጣሪያው «ይሞላ?» ሲል ጥያቄው ሳያልቅ መልሱ ደርሶት ነበር።

አሥር ሰዓት ከሩብ ይላል የግድግዳው ሰዓት። ሙሉሰው መስመሮቹን ሁለት ጊዜ ቆጠረ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሮጦ ማኅተሙን አምጥቶ ፋይሉ ላይ እንደ መዶሻ መታው። «የመጀመሪያው ቅጂ ይቀመጣል። ሴቶቹ ይውጡ፣ ጠረጴዛው ይውጣ። አለቀ።»

«ሥራው ጎዶሎ ሆኖ እንዲቆይ ተወስኗል» አለ ጣሪያው። «ስለ ደረሰብዎት ጉዳት እናዝናለን።»

ያፌት ፒያኖው ጎን ወለል ላይ ተቀምጦ ነበር። ኤልዳና የታጠፉትን ጣቶቿን በሌላው እጇ ይዛ ትተነፍሳለች። ወረፋቸውን የተዉት ሴትዮ ሊያጨበጭቡ ይሁን አይሁን ግራ ገብቷቸው እጃቸውን አየር ላይ አንጠልጥለው ቆመዋል። አንድም ሰው ምንም አላለም።

ዝምታው ሁለት ሰከንድ አለፈ።

ከጣሪያው ጭብጨባ ወረደ። በመጀመሪያ የጥቂት ሰው፣ ከዚያ የመቶ፣ ከዚያ የሺህ፤ ፉጨት ተጨመረበት፤ እልልታ ተጨመረበት፤ አርባዎቹ ሴቶች መጡ። «እሰይ! እሰይ!»

ኤልዳና ቀና ብላ የድምፅ ማጉያውን ፈለገችው። ጥግ ላይ፣ አንድ ጆሮ ካለው ሥዕል በላይ አገኘችው። ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች፤ ተረከዙ ወፍራም የሆነውን፣ ፔዳል የምትረግጥበትን።

«ኤልዱ፣ ተይ» አለ ያፌት።

አልተወችም። በቀኝ እጇ መዘነችው፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና አነጣጠረች፣ ወረወረችው። አልሳተችም።